ጸናጽሉን ምን በላው?

«ልጄ፣ ጸናጽሉን ምን በላው?»

አባባ ይህን ያሉኝ በእህቴ ሰርግ ማግስት ነው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። እሳቸው እንደ ልማዳቸው በማለዳ ተነስተው፣ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በስፒከር ማኅሌት ከፍተው ይሰማሉ። እኔ የተከራየነውን ወንበር ለመመለስ እጣደፋለሁ። በሩ ላይ ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ከበሮው አለ። ዜማው አለ። ጸናጽሉም ሽክሽክ ይላል።

«አለ እኮ አባባ።»

«የለም» አሉ።

በሳምንቱ ደገሙት። በሦስተኛው ጊዜ ግን እኔ መልስ ይዤ ነበር። እስካሁን የሚከነክነኝ ያ መልስ ነው። «የዕድሜ ነገር ነው አባባ። ሰው ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው የቀጭን ድምፅ መስሚያው ነው» አልኳቸው።

ያልኳቸው ውሸት አይደለም። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ይባላል። ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ላይኛው ጫፍ ግን የልጅነት ሀብት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ከላይ እየተሸረፈ ይሄዳል። አባባ ደግሞ ሰባን አልፈዋል። ስለዚህ ነገሩ ገጠመልኝ። ልመረምረው እንኳ አልቆምኩም።

«እንግዲህ፣ እርጅና ነዋ» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስለ ጸናጽል አንዴም አላነሱም።

አባባ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዲማ ጊዮርጊስ ደጅ ቅኔ ቆጥረዋል። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ማኅሌት ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ጸናጽል። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም አይችሉም። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ውስጥ ስፒከር ያስገባሁትም ለዚሁ ነበር። ማኅሌቱ ይምጣላቸው ብዬ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የኔ አባት ድምፅ ነፍሱ በሆነ ልጅ ቤት ተቀምጠው ጸናጽል ተጠሙ።

## ክረምት፣ ቆርቆሮና ጋቢ

ትዊተር የምንለው በስፒከር ሳጥን ላይ፣ ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ከቤዙ በላይ የምትቀመጠዋን ትንሿን ድምፅ ማውጫ ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ የሚወጣው ከእሷ ነው። ማኅሌት ደግሞ ለስፒከር ትልቅ ፈተና ነው። ከበሮው ቤዙን ይፈትናል። የዜማው ድምፅ መካከሉን ይይዛል። ጸናጽሉ ትዊተሯን ይጠይቃል። በዘንጎቹ ላይ የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች ሲጋጩ የሚሰጡት ድምፅ፣ አብዛኛው ቤዙ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ትዊተሮቹን ልቀይር አሰብኩ። ስለ አባባ ብዬ አልነበረም። እውነቱን መናገር አለብኝ። የተሻለ ነገር ልሞክር ብዬ ነው። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ የመለኪያ ማይክ አዋሰኝ። ሲሠራ የተለካበት የማስተካከያ ፋይል አብሮት አለ። ላፕቶፔ ላይ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ፤ በነፃ ይገኛል። ፕሮግራሙ ከወፍራም ድምፅ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ድረስ አንድ ወጥ ድምፅ ወደ ላይ ይጎትታል። ማይኩ ይሰማል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይወጣል። መስመሩ በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ስፒከሩ ምን ያህል እንደጮኸ ያሳያል።

በክረምት መለካት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲወርድ እንኳን ማይክ፣ ሰውም አይሰማማም። ዝናቡ ሲያባራ ባጃጁ ይጀምራል። ባጃጁ ሲያርፍ መብራት ይሄዳል። ያገኘሁት ክፍተት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነበር።

ሌላው ጣጣ ክፍሉ ራሱ ነው። ማይኩ የሚሰማው ከትዊተሯ በቀጥታ የመጣውን ብቻ አይደለም። ከወለሉ፣ ከግድግዳው ነጥሮ የተመለሰውንም ይሰማል። ሳጥኑን በርጩማ ደራርቤ ትዊተሯን ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ አደረግኳት። ማይኩን በዚያው ቁመት አንድ ሜትር ራቅ አድርጌ አቆምኩ። በዚህ አቀማመጥ ወለል ነክቶ የሚመለሰው ድምፅ ከቀጥታው 1.24 ሜትር ያህል ትርፍ መንገድ ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የሚዘገየው 3.6 ሚሊሰከንድ ነው። ፕሮግራሙን ከዚያ በኋላ የመጣውን እንዳይቆጥር ታዘዋለህ። ለቤዝ ይህ ጊዜ ያጥራል። ለትዊተር ግን ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ወለሉ ላይ አጎዛ አነጠፍኩ። ከማይኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የአባባን ጋቢ ሰቀልኩ። እሳቸው ተኝተው ነበር። ጋቢ እንዲህ ድምፅ ይውጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ስሰቅለውና ሳወርደው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ልዩነት ነበረው። የቀጭኑ ድምፅ ጥርሶች ለስለስ አሉ። ኮርኒሳችን አቡጀዲ መሆኑም ረድቷል መሰለኝ። ሲሚንቶ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ የበለጠ እሠቃይ ነበር።

## መስመሩ ወደቀ

መጀመሪያ የቀኙን ሳጥን ለካሁ። መስመሩ እንደ ደጋ ሜዳ ነው። ወጣ ገባ አለው፤ ግን እስከ 15 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም 15,000 ኸርዝ አካባቢ ይሄዳል። ጥሩ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ የግራውን። ድምፁ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። መጨረሻው ላይ የጎረቤት ውሻ ዝም አለ። ከቀኙ ጋር ግን የመጨረሻዋ ሲጥታ ስትወጣ ጮኾ ነበር። ያንን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። መስመሩ ተሣለ። እስከ 4 ኪሎኸርዝ ሁለቱ ተነባብረው ይሄዳሉ። ከዚያ የግራው ወደቀ። ከደጀን ቁልቁል የዓባይን በረሃ እንደማየት ነው። 10 ኪሎኸርዝ ላይ ከቀኙ በ25 ዴሲቤል በላይ ዝቅ ብሏል። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ 20 ዴሲቤል ማለት እንኳ የድምፁ ግፊት አንድ አሥረኛው ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ማይኩ ነው አልኩ። ደገምኩ፤ ያው ነው። ገመዱ ነው አልኩ። የግራውን ገመድ ለቀኙ፣ የቀኙን ለግራው አደረግኩ። ችግሩ ከገመዱ ጋር አልሄደም፤ ሳጥኑ ላይ ቀረ። አምፕሊፋየሩን ገለበጥኩ። አሁንም ሳጥኑ ላይ ቀረ። ብሎኑን ፈትቼ ትዊተሯን አወጣሁና ቴስተር አስነካኋት። የቀኟ 6.2 ኦም ታነባለች። የግራዋ ምንም። ውስጧ ያለችው፣ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር ሽቦ ተበጥሳለች። ሙታ ነበር። የምሰማው ሁሉ ቤዙ እንደ ምንም እየተንጠራራ የሚያወጣውን ነበር።

መደቡ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። አባባ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ። የግራው ሳጥን ከዚያ አንድ ክንድ ተኩል አይርቅም።

የዚያን ሌሊት ያልተኛሁት በዚህ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምሰማው ከበሩ ወይም ከመሐል ነው። ከበሩ ጋር ፊት ለፊት የሚተያየው የቀኙ ሳጥን ነው። ቀጭን ድምፅ ደግሞ እንደ ባትሪ ብርሃን ነው፤ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ እንደ ቤዝ ቤቱን አይሞላም። በ10 ኪሎኸርዝ የድምፁ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደችው ትዊተር ስፋቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ድምፁ እየጠበበ ይሄዳል። እኔ ጸናጽሉን እየሰማሁ፣ አባባ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ላይሰሙት ይችላሉ። አልሰሙምም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ሰው ስለራሱ የሚወራውን መጨረሻ ይሰማል ለማለት ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት በቀጥታ ገባኝ። ጆሮዬ ከቀኙ የሰማውን ለግራውም እየሞላ ሲያታልለኝ ነበር። ደጋግሜ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። የተሳሳትኩት ባለማወቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የተሳሳትኩት እውነት የሆነ ነገር ይዤ ነው። «ሲያረጅ ጆሮ ይደክማል» የሚለውን ስለማውቅ፣ ተነስቼ ከአጠገባቸው መቀመጥ አላስፈለገኝም። ማንም የሬዲዮ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው። ለዕቃ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለአባቴ ነፈግኳቸው።

ጠዋት ነገርኳቸው። «አባባ፣ ጸናጽሉ በእውነት አልነበረም። የግራው ተበላሽቶ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

አላልኩህም ወይ አላሉኝም። ቡናቸውን ፉት አሉና «ሰርጉ ማታ ነው የሄደው» አሉ። «ዋዜማውን ሰምቼዋለሁ። በነጋታው አልነበረም።»

ቀኑን ሳይቀር ያውቁታል። የሰርጉ ማታ አምፕሊፋየሩን እስከ ጫፍ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ በውስጡ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይወልዳል። ያ ሁሉ ትርፍ ጉልበት የሚሄደው ወደ ትዊተሯ ነው። ቤዙ ይችለዋል፤ እሷ አትችልም። ሰው ዳስ ውስጥ እስክስታ ሲመታ፣ ሳሎን ውስጥ አንዲት ሽቦ ትቃጠል ነበር።

## ሦስቱ

ከዚያ ወዲያ ንጽጽሩን የሠራሁት በሌላ ልብ ነው። ሦስት ዓይነት ትዊተር አገኘሁ። አንደኛዋ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የምትሸጠው ርካሽ ባለ ቀንድ ፒዞ ናት። ማግኔትም ሽቦም የላትም፤ ኤሌክትሪክ ሲነካት የምትለመጥ ሴራሚክ አላት። ሁለተኛዋ ባለ ቲታኒየም ጉልላት ናት፤ ጀርባዋ ላይ «500 ዋት» ይላል። ይህን ጽሑፍ ማንም አይመነው። ይህች የምታክል ሽቦ ያን ሁሉ ጉልበት ተሸክማ ልትቆይ አትችልም። ሦስተኛዋ ባለ ሐር ጉልላት ናት። ጨርቅ ናት፤ በጣት ብትጫን ትሰረጉዳለች፤ ስለዚህ አትንኳት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ መጣችልኝ።

ሐሯንና ብረቷን በ4.7 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር በኩል ነው ያገናኘኋቸው። ያለ ኮንደንሰር ወፍራሙ ድምፅ ገብቶ ይገድላቸዋል። ከ8 ኦም ጋር ይህ ኮንደንሰር ከ4,200 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን እየቀነሰ ያስቀራል። ለመለካት የምትፈልጉ ሰዎች ይህችን አትርሱ።

ፒዞዋ መስመሯ መጋዝ ነው። 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ትቆለላለች፣ ወዲያው ትወርዳለች፣ እንደገና ትቆለላለች። ፕሮግራሙ ድምፅ ከቆመ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ ሥዕልም አለው። ፏፏቴ ይሉታል። መልኩም ጢስ ዓባይን ከፊት ለፊት እንደማየት ነው፤ ከገደሉ ጫፍ ወደ እኛ ይወርዳል። ጥሩ ትዊተር ላይ ውሃው ቶሎ ይደርቃል። የፒዞዋ ግን አይቆምም፤ ምቱ ካለፈ በኋላም ትንጫጫለች።

ብረቷና ሐሯ ይቀራረባሉ። ብረቷ ከሐሯ በ4 ዴሲቤል በልጣ ትጮኻለች። 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል የምታህል ጉብታ አለቻት። ሐሯ ለጥ ያለች ናት፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ብቻ ቀስ ብላ ትወርዳለች።

በቁጥሩ ብቻ መወሰን አልፈለግኩም። ሦስቱንም በነጠላ ጋርጄ ቤተሰቡን ጠራሁ። ነጠላ እንደ ጋቢ አይደለም። ለክቼዋለሁ፤ ከአንድ ዴሲቤል በታች ነው የሚቀንሰው። መጀመሪያ ሳላስተካክል አሰማኋቸው። እህቴም፣ ጎረቤታችንም፣ እኔም ብረቷን መረጥን። ከዚያ ረዚስተር አስገብቼ ብረቷን በ4 ዴሲቤል ዝቅ አደረግኳትና ደገምኩ። እህቴ ወደ ሐሯ ዞረች። ጎረቤታችን በብረቷ ጸና። እኔ በየዙሩ ተወዛወዝኩ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ስፒከር አስከፍታችሁ ስትመርጡ፣ መጀመሪያ ድምፃቸው እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ የምትመርጡት የሚጮኸውን ነው። የትኛው እንደሚሻል ገና አላያችሁም።

## ከመደቡ ላይ

ለመጨረሻው ዙር አባባን ጠራኋቸው። ቅድሚያ ግን ጆሯቸውን ልለካ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ለካው» አሉ። አንድ ወጥ ድምፅ እያሰማሁ ቅጥነቱን ከፍ ከፍ አደረግኩ። 8 ኪሎኸርዝ ላይ «አሁን ጠፋ» አሉ። እኔ 14 ላይ ነው የጠፋብኝ። ጆሯቸው ደክሟል። ያን ጊዜ የነገርኳቸው ነገር አለ ማለት ነው። ጸናጽሉን የወሰደው ግን እሱ አልነበረም።

ይህ ቁጥር ንጽጽሩን ቀየረው። ብረቷ የምትኮራው ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ በምታሳየው ነው። ለአባባ ያ የለም። ለእሳቸው ያለው ከ3 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለው ሜዳ ነው። የብረቷ ጉብታ ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። በዚያ ላይ አባባ ከሳጥኑ ፊት ለፊት አይቀመጡም። ሳጥኑን 30 ዲግሪ አዙሬ እንደገና ለካሁ። ሐሯ 10 ኪሎኸርዝ ላይ 3 ዴሲቤል ብቻ አጣች። ፒዞዋ 10 አጣች።

ማኅሌቱን ከፈትኩላቸው። የትኛዋ እንደሆነች አልነገርኳቸውም።

ፒዞዋን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይህ ምስማር በጣሳ ነው» አሉ። ብረቷን ትንሽ ቆዩላት። «ይህ ጸናጽል ነው። ግን ይቆጣል።» ሐሯን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ወጣ። ጋቢው ግድግዳው ላይ ስለነበር ለብሰው የነበረው የእኔን ነው። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው የሌለ እጀታ ያዙ። እጃቸው ከከበሮው ጋር ወደ ታች፣ ወደ ላይ አለ።

ትንሽ ቆይተው «አቁመው» አሉኝ። ደነገጥኩ።

«ከያዙት አንዱ ይቸኩላል» አሉ። «በስተግራ ያለው። መልሰው።»

መለስኩት። አልሰማሁም። ለእኔ አንድ ሽክሽክታ ነው። እንደገና መለስኩት። 14 ኪሎኸርዝ የሚሰማው ጆሮዬ ምንም አላገኘም።

«ጸናጽሉን አትከተል። ከበሮውን ያዝ፤ እሱ ከበሮው ሳይወርድ ነው የሚወርደው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከበሮውን ያዝኩ። በአራተኛው ላይ መጣ። ከሌሎቹ ለጥቂት ቀድሞ፣ በስተግራ፣ ለብቻው የሚወርድ አንድ ጸናጽል።

«ሰማሁት።»

«ልጅ ነው» አሉ አባባ። «ገና አልበሰለም። ይደርሳል።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። «በል አሁን ጋቢዬን አውርድልኝ። የአንተ ስስ ነው፤ በረደኝ።»

አወረድኩላቸው።